ሟች የሌለው ድንኳን

የዚያን ቅዳሜ የሠራሁት ጅልነት ይህ ነው። የእድራችንን ድንኳን በገዛ ደጄ አስተከልኩ። ለተካዩ «ለምን ተተከለ ብሎ የሚጠይቅህ ካለ ዝም በል» አልኩት። ስልኬን አጠፋሁ። ከዚያም «ጳውሎስ ደርሼ እመጣለሁ» ብዬ ከሰፈር ወጣሁ።

እነዚህን ነገሮች ለየብቻቸው ብታዩዋቸው አንዳቸውም ክፉ አይደሉም። አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚወልዱ ለማወቅ እኔን እስከ ከሰዓት ድረስ ፈጀብኝ፤ ሰፈሬ ግን ወዲያው ነው የገባው።

በላቸው እባላለሁ። ዕድሜዬን ለከተማ አውቶቡስ መሪ የሰጠሁ ጡረተኛ ነኝ። አውቶቡስ ነጂ ከፊቱ ካለው መንገድ እኩል ከኋላው ያለውን ሰው በመስታወት ሲያይ ይኖራል፤ ማን ሳይከፍል ገባ፣ ማን የማንን ኪስ ዳሰሰ። ጡረታ ስወጣ አውቶቡሱን አስረከብኩ፣ መስታወቱ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ቀረ። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ፣ «አንተ ሰውዬ ገነት ብትገባ እንኳ በር ላይ ያለውን መልአክ መታወቂያ ትጠይቀዋለህ» ትለኝ ነበር። ይህንን ጠባዬን አይቶ መሰለኝ ሰፈሩ የእድር ዳኛ ያደረገኝ።

ሰፈራችን ከቁስቋም ቁልቁል ወርዶ ወንዙ ዳር ነው። ዱሮ ክረምት ሲሆን ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ይውልና ማታ ያርፍ ነበር። አሁን ጠፍቶ ጠፍቶ ይቆይና ያጠራቀመውን ሁሉ ባንዴ ይደፋዋል። ከላያችን ደግሞ አንድ ባለ ሕንፃ የቆፈረውን አፈር ውሃው በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ከመረው። ባለፈው ክረምት ጎርፉ መሄጃ ሲያጣ በወይዘሮ አለምነሽ ጓዳ በኩል አለፈ። አለምነሽ ጎረቤቴ ናት፤ ባሏን ከቀበርን ቆይቷል፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው። የኋላ ግድግዳዋ አሁን በባላ ተደግፎ ነው የቆመው። የሚመጣውን ክረምት እንደማይሻገር ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም።

ይህን ያየ አንድ ጠበቃ መጥቶ «ያለ ክፍያ ልከራከርላችሁ፣ ክሰሱ» አለን።

«ማንን? ዝናቡን?» አልኩት።

«ዝናቡን አይደለም ጋሼ። ዝናቡ እንደተለወጠ እያወቀ ቦዩን የደፈነውን ባለ ሕንፃና ቆሞ ያየውን መሥሪያ ቤት ነው።»

እድሩ ተሰበሰበ። ተሰበሰበ ከተባለ። እንደ ልማዳችን ጥቂት ወንዶች ነን የመጣነው፤ ግማሾቹም የኳስ ሰዓት ደርሶባቸው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ። እኔ ዳኛው ተነሳሁና፣ «ወገኖቼ፣ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ፍርድ ቤት ሲሄድ መጀመሪያ የሚባለው 'የይዞታ ማረጋገጫህን አምጣ' ነው። ማናችን አለን? ዝም ያለ ሰው ቤቱ አይፈርስም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። ክሱ ቀረ፣ ኳሱ ታየ።

ዶክተር ሩት የመጣችው ከዚህ በኋላ ነው።

ሠላሳዎቹ ውስጥ የገባች፣ ቀጠን ያለች፣ ቦርሳዋ ከእሷ የሚከብድ ልጅ ናት። ደጄ ቆማ «ዶክተር ሩት እባላለሁ» ስትለኝ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን ዘረጋሁላት። ደም ግፊት አለብኝ፤ ቤት ለቤት የሚለኩ መስሎኝ ነው።

«የሕክምና አይደለሁም ጋሼ» አለች ክንዴን እያየች። «የሕግ ነኝ። ዶክትሬቴን ጨርሼ ከዚያ በኋላ ያለውን ምርምር ነው የምሠራው።»

«ከጨረሱ በኋላም አለ?»

«አለ።»

መጠርጠር የጀመርኩት እዚያው ላይ ነው። ተምሮ ጨርሶ ደግሞ የሚማር ሰው፣ ወይ ትምህርቱ አልገባውም ወይ ሌላ ጉዳይ አለው።

«ታዲያ ምንድን ነው የምታጠኚው?»

«የአየር ንብረት ለውጥ የጎዳቸው ሰዎች ፍርድ ቤት ሲሄዱ፣ ወይም ሳይሄዱ ሲቀሩ፣ ያንን የወሰነው ማን ነው የሚለውን። ክርክርና ዲሞክራሲ እንበለው።»

«እኛ እድር ነን የኔ ልጅ። ሰው እንቀብራለን። ፓርላማ አይደለንም፣ ክስም የለንም።»

«ለዚህ ነው እኮ የመጣሁት። ልትከሱ አስባችሁ ተዋችሁት። ስትወስኑ ማን ማን ነበር ጋሼ? ማንስ አልነበረም?»

ማን ነበር ብትለኝ ባልከፋ። እኔ ባለፍኩበት ዘመን ግን «ማን አልነበረም» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ለመልካም ጠይቆ አያውቅም። «እ... ማለቴ፣ ቀስ ብለን እንጨዋወታለን» ብዬ በሩን ገርበብ አደረግሁት።

ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ አየኋት። የአለምነሽን ግድግዳ ፎቶ ታነሳለች። ከወንዙ እስከ ደጃችን በእርምጃ ትለካለች። መሬት የለካ መሬት ሲወስድ ነው የማውቀው። ለከድር ነገርኩት። ከድር ባለ ሱቅ ነው፤ ለከድር የተነገረ ነገር ከስኳሩና ከሳሙናው ጋር ለሰፈሩ ይታደላል። «ልጅቷ ቤታችንን ልታስፈርስ ነው» የሚለው ቃል ከእኔ አፍ ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ተመልሶ እኔው ጋ ሲደርስ፣ «ደላላ ናት፣ ከላይ ያለው ባለ ሕንፃ ነው የላካት» የሚል ተጨምሮበት ነበር። እኔም የራሴን ወሬ ከሌላ ሰው ስሰማው አመንኩት።

ዓርብ ማታ መጥታ «ነገ ከሰዓት ከሽማግሌዎቹ ጋር ልቀመጥ? ጠዋት ጳውሎስ አካባቢ ከአንድ ባልደረባዬ ጋር ቀጠሮ አለኝ፣ ከዚያ እመጣለሁ» አለችኝ።

«ደስ ይለናል» አልኳት። ያሰብኩት ሌላ ነው። ጠዋት ተከትዬ ባልደረባ የተባለውን አያለሁ፤ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ፊት አፋጥጣታለሁ። ቤቴ ግን አላስገባትም፣ ክፍሌን ትቆጥራለች። ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል። ስለዚህ ድንኳን።

ቅዳሜ ጠዋት የእድሩን ዕቃ የሚጠብቀውን ዘውዴን ጠራሁት። «ደጄ ላይ ድንኳን ትከል፣ ወንበርም አውጣ» አልኩት።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ሰው ቢጠይቅህ ዝም በል።»

ሰዉ እንዳይሰበሰብብኝ ነው። በድንኳን። እንግዲህ ይህን ጭንቅላት ነው ሰፈሩ ዳኛ ያደረገው።

ጳውሎስ ሆስፒታል ደጅ ቀድሜ ደርሼ ጠበቅኳት። ከፋርማሲዎቹ ጎን ካለ ካፌ ገባች፤ ተከትዬ ገባሁ። ባርኔጣዬን ዓይኔ ላይ ደፋሁ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ አወጣሁ፣ ስልኬን እንዳይጮህብኝ ገና ከሰፈር ሳልወጣ አጥፍቼዋለሁ። አስተናጋጇ መጥታ «አባባ፣ ታካሚ ነዎት?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ምንዎትን?» ስትለኝ «ዓይኔን» አልኩ፤ በሌላው ዓይኔ ሩትን እያየሁ።

መነጽር ያደረገ ጎልማሳ ከፊቷ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሰፈራችንን ከሰማይ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ዘረጋ። ወደ መጸዳጃ ቤት የምሄድ መስዬ በጎናቸው አለፍኩ። ቤቴን ለየኋት። ቆርቆሮው በንፋስ እንዳይነሳ የጫንኩበት አሮጌ ጎማ ከሰማይ እንኳ ይታያል። ቤቴ ቀይ ተቀብታለች። የአለምነሽም ቀይ። ወንዙ ዳር ያለነው በሙሉ ቀይ።

ይፍረስ የተባለ ቤት ላይ ቀይ ምልክት ሲደረግ ስንቴ አይቻለሁ። ወደ ቦታዬ ተመልሼ ያዘዝኩትን ማኪያቶ ሳነሳ እጄ ተንቀጥቅጦ ጋቢዬ ላይ ፈሰሰ። ቀድመውኝ ወጡ። እኔ እንዳልታይ ቆየሁ፤ ስወጣ ዝናቡ ወረደ። የዛሬ ዘመን ዝናብ እንዴት እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ። ፋርማሲው ጥላ ሥር ከሰው ጋር ተጨናንቄ ቆምኩ፤ ታክሲ የለም፤ በውስጤ ለሽማግሌዎቹ የማደርገውን ንግግር አሰናዳለሁ።

ታክሲ አግኝቼ ስወርድ ዝናቡ አባርቷል። ቁልቁለቱን እንደጀመርኩ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ከእኛው ሰፈር ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን ሳይሆን ቅያሜ ነው። የእድሩ ዳኛ እያለሁ ሳይነገረኝ ሰው ይሞታል?

ቀጥሎ ግን ግድግዳው ትዝ አለኝ። ያ ዝናብ። ያ ባላ። «ገደላት» አልኩ ለራሴ፤ ግድግዳውን ልበል ራሴን፣ አሁን ድረስ አላውቅም። ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጥኩ። እንባዬ መጣ፤ ለወጉ የሚለቀስ አልነበረም። «ወይኔ አለምነሽን፣ ወይኔ እህቴን» እያልኩ ድንኳኑ ውስጥ ዘው አልኩ።

ከሴቶቹ መሀል ደረቷን እየመታች «ወይኔ በላቸውን፣ ወይኔ ወንድሜን» የምትል ሴት አለች። አለምነሽ ናት።

ተያየን። እኔ የእሷን ስም እንደጠራሁ አፌ ተከፍቶ ቀረ፣ እሷም የእኔን እንደጠራች። ከወደ ኋላ አንድ ወንበር ወደቀ።

«ጋሽ በላቸው» አለ ከድር ቀስ ብሎ፣ የእኔን መንፈስ እንዳያስቆጣ ይመስል። «ለማን ነው የሚያለቅሱት?»

«ለአለምነሽ ነበር። እናንተስ?»

«ለእርስዎ ነዋ።»

ዘውዴ ከድንኳኑ ምሰሶ ኋላ ብቅ አለ። «ጠዋት ራሳቸው ናቸው ትከል ያሉኝ። ማን ሞተ ብላቸው ማንም አሉ። ቀናቸውን አውቀው ነው እንጂ ለማን ይተከላል ብዬ ለሰዉ ነገርኩ።»

«ዝም በል አላልኩህም?»

«ብዬ ነበር እኮ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሄደው ሲቀሩ፣ ስልክዎም እምቢ ሲል፣ ስንቱን ልቻለው ጋሼ?»

«እስካሁን እንደ ጻድቅ ነበር የምናነሳህ» አለች አለምነሽ ፊቷን እየጠረገች። «ሞቱን ያወቀ ሰው እያልን። መምጣትህ ነው ያበላሸብህ።»

ሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። ስስቅ ግን ዓይኔ ከጥጉ ላይ አረፈ። ሩት በሁለት ጎረምሶች መሀል ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ቦርሳዋ ተገልብጦ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግፏል። ያ ቀይ ሥዕል ከላይ ተዘርግቷል። ስልኳ ከድር እጅ ነው።

«ይህችን ይዘናታል» አለኝ ከድር። «ማታ ከደጅዎ ስትሄድ አይተናታል፤ በማግስቱ እርስዎ የሉም። ይኸው ቤትዎን ቀይ ቀብታዋለች። አስጨንቃ ገደለቻቸው ነው ያልነው። ፖሊስ ልንጠራ ነበር።»

ከድር ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ቃል የእኔ ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ የዘራሁት። አንድ ቃል ብጨምር ልጅቱ ከዚያ ድንኳን በጤና አትወጣም ነበር። ሊያስደነግጠኝ የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ልጨምር ዳድቶኝ ነበር። ቀዩን በዓይኔ አይቻለሁና።

«ይህን ሥዕል ጠዋት ካፌ ውስጥ አይቼዋለሁ» አልኩ። «ቀዩ ምንድን ነው? እዚህ ሰው ፊት ተናገሪ።»

ሩት ቀና አለች። «እርስዎን አይቼ ነበር እኮ ጋሼ። ባርኔጣዎን ደፍተው፣ ተሸፋፍነው፣ እጅዎ ሲንቀጠቀጥ። ሊታከሙ መጥተው ሰው እንዳያያቸው ነው ብዬ ሰላም ሳልልዎ ወጣሁ። እዚህ ስደርስ ሞቱ አሉኝ።» ዓይኗን ጠረገች። «ሰላም እንኳ ሳልላቸው አልኩ።»

እኔ የሰላይ ሥራ የሠራሁ ሲመስለኝ የታማሚ ሥራ ነበር ስሠራ የዋልኩት።

«ቀዩ» አለች ቀጥላ፣ «ጎርፉ መጀመሪያ የሚደርስባቸው ቤቶች ናቸው። ባልደረባዬ የውሃ ባለሙያ ነው። የቦዩን መደፈን አስልቶ ነው የሠራው። ብትከሱ ማስረጃ ይሆናችሁ ነበር።»

«ብንከስ ማለት?» አለች አለምነሽ። «ልንከስ አይደለም እንዴ? ጠበቃ መጥቶ አልነበር?»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ተሰብስበን ተነጋግረንበት ነበር። ይቅር ተባለ።»

«ማን አለ?»

«እድሩ።»

«እኔ እድር አይደለሁም?»

«አልመጣሽማ።»

«ማን ጠራኝ? ስብሰባ ሲሆን ወንዶቹ፣ ለቅሶ ሲሆን እኛ።» ወደ እኔ ቀረበች። «ቆይ። አሁን ስትገባ ለምንድን ነው የእኔን ስም የጠራኸው?»

ጋቢዬን ማስተካከል ጀመርኩ።

«በላቸው፣ ምን ገደላት ብለህ ነው ያለቀስከው?»

«ግድግዳው መስሎኝ ነው» አልኩ።

«እንግዲያው እንደሚወድቅ ታውቃለህ።»

ወዳጆቼ፣ ብዙ ቦታ ተፋጥጫለሁ። ትራፊክ ፖሊስ አፋጥጦኛል፣ ካድሬ አፋጥጦኛል። እንደዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ግን መውጫ ያሳጣኝ የለም። ሽማግሌዎቹ ፊት ሩትን ላፋጥጥ ያስተከልኩት ድንኳን ለእኔ ችሎት ሆነ።

«በሉ ወደየቤታችን እንግባ፣ ሌላ ቀን እንነጋገራለን» ብዬ ልበትን ሞከርኩ።

«አንበተንም» አለች አለምነሽ። «ሥራችንን ፈትተን ነው የወጣነው። መቼ ነው ደግሞ እንዲህ የምንሟላው? ሌላ ሰው እስኪሞት?»

ፍርሃቴን ደገምኩላቸው፤ የውሸት ፍርሃት አልነበረምና። ማረጋገጫ አምጡ ቢሉንስ? ወንዝ ዳር ናችሁ ተነሡ ቢሉንስ?

«አንተ ወረቀት እንደሌለህ ደብቀህ ትኖራለህ» አለችኝ። «እኔ ወረቀትም የለኝ፣ ግድግዳም የለኝ። ምኔን ልደብቅ?»

ወደ ሩት ዞርኩ። «አንቺ ሕግ አዋቂዋ። ብንከስ አንፈናቀልም ትያለሽ?»

ድንኳኑ ሙሉ ሰው አፏን ጠበቀ። ስልኳ አሁንም ከድር እጅ ነው። አትፈናቀሉም ብትል ሁላችንም ደስ ይለን ነበር፣ እሷም በሰላም ትሄድ ነበር።

«አላውቅም ጋሼ» አለች። «ሊሆን ይችላል። ብትከሱም፣ ባትከሱም። ክሰሱ ልላችሁ አልመጣሁም። ማን ተጠየቀ ልል ነው የመጣሁት።»

በዕድሜዬ ብዙ አጭበርባሪ አይቻለሁ፤ በመስታወትም፣ ፊት ለፊትም። «አላውቅም» ያለኝ አጭበርባሪ ግን አላየሁም። ከድር ስልኳን በእጅጌው ወልወል አድርጎ መለሰላት።

ዳኛ ነኝና «እንክሰስ የሚል እጁን ያንሳ» አልኩ። ዘውዴ «ሴቶቹም ይቆጠራሉ?» ሲል ከድር «ለለቅሶ ሲሆን ተቆጥረው የለ እንዴ?» አለው። እጆች ወጡ፤ ጥቂት ወንዶች እጃቸውን አላነሱም፣ እነሱም መብታቸው ነው። አለምነሽ ሁለቱንም እጆቿን አነሳች።

«አንዱን አውርጂ» አላት ዘውዴ።

«ይቺ የባሌ ናት፤ እድሩ ውስጥ እስካሁን የተጻፍኩት በእሱ ስም ነው። ይቺኛዋ የእኔ ናት። የትኛዋን ላውርድ?»

እኔም የኔን አነሳሁ። ግማሹ እፍረት ነበር፤ ግማሹን ራሴው ገና እያጣራሁት ነው።

ልክ በዚያ ሰዓት ሸጎሌ የምትኖረው ልጄ ደረሰች። «አባትሽ ትንሽ አሞታል፣ ነይ» ተብሎ ተደውሎላታል፤ አገራችን ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ የለም። እየጮኸች ስትገባ ሰዉ ሁሉ እጁን ወደ ላይ አንስቷል፣ መሀል ላይ አባቷ አለ፣ እሱም እጁን አንስቷል። እቅፍ አድርጋኝ አለቀሰች፤ ስትጨርስ ጋቢዬ ላይ የፈሰሰውን ማኪያቶ አይታ እንዴት እንደተቆጣችኝ አልነግራችሁም።

ሁሉ ነገር አማረ ብላችሁ እንዳታስቡ። ክሱ ገብቷል፤ ከቀጠሮ ወደ ቀጠሮ ይሄዳል። ይዞታ የሚለው ጥያቄ እንደፈራሁት ተነሥቷል፣ እንቅልፌንም ይነሳኛል። ክረምቱ ሲገባ ሰፈሩ ወጥቶ ከአለምነሽ ግድግዳ ኋላ ድንጋይ ካበ፤ የግድግዳው ግማሽ በጎርፉ ሄደ፣ ግማሹ ቆመ፣ እሷ ግን አለች። የእድሩ ስብሰባ አሁን የሚጠራው ሴቶቹ በሚመቻቸው ሰዓት ነው፤ የኳስ ወዳጆች አኩርፈውኛል። ሩት ጥናቷን ይዛ ሄዳለች። ምን ብላ እንደጻፈችን አላውቅም፤ አንዳንዴ እጠረጥራታለሁ። መስታወቱ እንደሆነ አልወለቀም። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩበት፤ ከኋላ ያለውን ሳይ አልፎ አልፎ ነጂውንም አያለሁ። እናንተም ስብሰባ ጠርታችሁ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ ስትሉ፣ እስቲ ማን እንዳልነበረ ዞር ብላችሁ እዩ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ለቅሶ ብድር ነው እንላለን፤ ያለቀሰልህን ታለቅስለታለህ። እኔና አለምነሽ የዚያኑ ቀን ተመላልሰናል፣ ዕዳ የለብንም። ከድርና ዘውዴ እርጅናው እየመጣባቸው ስለሆነ ከቀደሙኝ እከፍላቸዋለሁ። ሩት ግን፣ አለምነሽ እንደነገረችኝ፣ ማንም ሳይዛት፣ ገና ደጅ ላይ «ሞቱ» ሲሏት ነው ያለቀሰችው። እሷ ወጣት ናት፣ እኔ ሽማግሌ። ያቺን ብድር ሳልከፍል መሞት ነው የምፈልገው።